ቢጫው ቅጽ ወይስ ነጩ

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1964፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

አሁን ገና ከት/ቤት ገባሁ። ጫማዬን እንኳ አላወለቅኩም። ሒሳብ ሁለት ክ/ጊዜ፣ ፊዚክስ አንድ፣ ከዚያ እንግሊዝኛ። ድርሰቴ እንደ ወትሮው በቀይ ተዥጎርጉሮ ተመለሰ። ሳላየው ቦርሳ ውስጥ ከተትኩት።

የዛሬው ወሬ ግን ሌላ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኃላፊያችን አቶ ታፈሰ፣ ጠመኔ ያልነካው ኮት የሌላቸው፣ ሁለት ዓይነት ቅጽ ይዘው ገቡ። ቢጫና ነጭ። ቢጫው የመምህራን ኮሌጁ ነው። ማትሪክን አይጠብቅም፤ በአምናና በዘንድሮው ግማሽ ዓመት ውጤት ይመርጣል። መልሱ የካቲት ላይ ይመጣል። ምግብና መኝታ በኮሌጁ። ነገር ግን ቢጫውን የፈረመ ሌላ ቦታ ማመልከት አይችልም፣ ከተቀበሉት የግድ ይሄዳል። የወላጅ ፊርማ ይፈልጋል፣ ዋስም ይፈልጋል። ነጩ የዩኒቨርሲቲው ነው። ማትሪክ ተፈትኖ፣ ክረምቱን ሙሉ ጥፍር እየበሉ ጠብቆ፣ ካለፉ መግባት ነው። ካላለፉስ ብሎ አንዱ ሲጠይቅ አቶ ታፈሰ መስኮቱን አዩ።

ሁለቱንም መመለስ አይቻልም። ቀነ ገደቡ ጥር 26።

ከሁለቱም አንድ አንድ ወስጃለሁ። ደብተሬ ሆይ፣ ሁለቱም አንቺ መሐል ናቸው። እንዳታጨማድጂብኝ።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 14

ጽጌ ቢጫውን ሞላች! በአንድ የዕረፍት ሰዓት! ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነን፤ ፀጉር ለመሠራት እንኳ ሦስት ቀን የምታማክረኝ ልጅ ናት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ መምህርት ነች፤ ወንድሞቿን በማስመሪያ እየመታች ስታስተምር ኖራለች። ሰው የሚፈልገውን ሲያውቅ እንዴት ያምርበታል። ቀናሁባት።

እኔም እኮ የምፈልገውን አውቃለሁ። ችግሩ እሱ ነው። ምሕንድስና ነው የምፈልገው። ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ላንቺም ጭምር። የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ለአክስቴ ሠርግ ከእማዬ ጋር ወደ አገሯ ወደ ጎበሳ ስንሄድ የእንጨቱን ድልድይ ጎርፍ ወስዶት ነበር። ወንዙ ዳር ሁለት ቀን ተቀመጥን። ዳቧችን አለቀ፣ ሠርጉ አለፈን፣ እማዬ ፊቷን ወደ ማዶ አዙራ ለብቻዋ እልል አለች። እኔ ውሃው የተወውን ግንድ እየቆጠርኩ ይህ ለምን አልተሰበረም፣ ያኛው ለምን ተሰበረ ስል ዋልኩ። እስከ ዛሬም እላለሁ። ያንን ደግሞ የመምህራን ኮሌጅ አያስተምርም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 20

ለቤት ነገርኩ። ከምሳ በኋላ፣ አባባ ሱቅ ሳይመለሱ። ስለ ሁለቱ ቅጽ ብቻ። ምሕንድስናን ዋጥኩት።

አባባ መጀመሪያ የጠየቁት የትኛው እርግጠኛ ነው ብለው ነው። ቢጫው አልኩ። በቃ እሱ ነዋ አሉ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። እማዬ ደግሞ ጎመን በጤና አለች። ነጩን ሞልቼ ብወድቅስ? ያው፣ አጎቴ ጀማል ዴራ ያለውን ሱቅ ብቻውን አልቻለውም፣ የሚያግዘው ይፈልጋል። አባባ ይህን ያሉት እንደ ማስፈራሪያ አይደለም፣ እንደ መልካም ነገር ነው። ያ ነው የባሰው።

ዴራ! ሙቀቱ፣ አቧራው፣ ዝንቡ። ጨው መዝኜ፣ ሳሙና ቆርጬ፣ መኪና ሲያልፍ አንገቴን አውጥቼ ማየት። የአሰላ ብርድ የለመደች ልጅ እዚያ እንደ ቅቤ ነው የምትቀልጠው።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 24

የግማሽ ዓመት ውጤት። ሒሳብ 93። ፊዚክስ 89። እንግሊዝኛ 51። አምሳ አንድ! ያቺ አንዷ ከየት እንደመጣች አላህ ይወቅ። እንግሊዝኛ የወደቀ ማትሪክ አለፈ አይባልም፣ ሌላው መቶ ቢሆንም።

ጠዋት ነጭ ነኝ፣ ምሳ ላይ ቢጫ፣ ማታ ደግሞ ነጭ። አባባ ቅጹን እስቲ ልየው አሉ፣ ቢጫውን ሰጠኋቸው። ማየት ምን ይጎዳል።

ዓርብ፣ ጥር 5፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

ማየት ይጎዳል!! ስሚ ጉዴን።

አባባ ቢጫውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ዋስ ከወዲሁ ይፈለግ ብለው ሐጂ ቃሲም ዘንድ ወሰዱት። ሐጂ ቃሲም የሰፈሩ ታላቅ ሰው ናቸው፤ ተጣላ የተባለ ሁሉ እሳቸው ደጅ ነው የሚታረቀው። ሐጂ ባዶ ቅጽ ላይ፣ ስሜ እንኳ ሳይጻፍበት፣ በዋስነት ፈረሙ። እሳቸው ደግሞ ዋስ የሚጠራው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው ብለው ያምናሉ። በበቅሎ ሽያጭም በጋብቻም እንደዚያ ነዋ። ስለዚህ ልጅቷ ኮሌጅ ገብታለች! ዛሬ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ በር ላይ አወሩት።

ከት/ቤት ስመጣ ግቢያችን በጫማ ተሞልቷል። ስምንት ሽማግሌ ምንጣፍ ላይ። ገንፎ በቅቤ። እማዬ ምንም ሳይገባት አገንፍታለች፣ እንግዳ ከመጣ መጠየቅ ነውር ነው። ወደ መሐል ጠሩኝ። መዳፋቸውን ዘርግተው ዱአ አደረጉልኝ፦ ዕውቀትሽ ይስፋ፣ መንገድሽ ይቅና፣ ለአገር ለወገን ጥቀሚ። አሚን አሚን። እኔም አሚን አልኩ! ምን ልበል?

አባባን በዓይኔ ፈለግኳቸው። ገንፎውን ትክ ብለው ያያሉ። በኋላ እንዳስረዱኝ፣ ሐጂ ደስ ብሏቸው ሲያቅፏቸው አፋቸው ተያዘ። ደስ ያለው ሽማግሌ ፊት አይ ገና ነው ማለት አልቻሉም። አልፈርድባቸውም። እኔም አልቻልኩም።

ያላመለከትኩበት ኮሌጅ ገባሁ። በገንፎ።

እሑድ፣ ጥር 7

ወሬው ዴራ ደርሷል። አጎቴ ጀማል በጭነት መኪና አንድ ፍየልና አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ላከ። ሣጥኑ አረንጓዴ፣ ቁልፍ ያለው፣ ክዳኑ ላይ ስሜ በነጭ ቀለም፦ መምህርት ነፊሳ። መምህርት! ፍየሏ ደግሞ ልብስ ከገመድ እያወረደች ታኝካለች። የፊዚክስ ማስታወሻዬን ሁለት ገጽ በላች። እማዬ ስትስቅ እንባዋ መጣ፣ እኔም ሳልወድ ሳቅኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ጽጌ ነጭ ለብሳ አበባ መስላለች፣ ታቦቱን እስከ ዋናው መንገድ ድረስ አብሬያት ሸኘሁ። በመንገድ ላይ የጽጌ እናት፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ጋሪ ነጂው ሳይቀር እንኳን ደስ አለሽ ቲቸር። ጽጌ ጆሮዬ ላይ እንዲህ አለችኝ፦ እኔ ፈርሜ ማንም አላየኝም፣ አንቺ ሳትፈርሚ ከተማው ሁሉ ያውቅሻል። ደግሞ ቢጫውን ብትሞዪ አንድ መኝታ ክፍል እንሆናለን አለች። እጇን ያዝኩ። ይህንን ማሰብ ደስ ይላል፣ በጣም ደስ ይላል። አንድ ልብ ብሆን ኖሮ።

ሐሙስ፣ ጥር 18፣ ከቀኑ 8 ሰዓት

አረፋ። ጠዋት ሶላት፣ ከዚያ እርድ፣ ከዚያ ታላላቆችን እየዞሩ ኢድ ሙባረክ ማለት። ሐጂ ቃሲም ቤት ብቻዬን ሄድኩ። ቢጫውን ከአባባ የሱቅ መሳቢያ አውጥቼ በነጠላዬ ሸፍኜ። 

ሁሉንም ነገርኳቸው። እንዳልገባሁ። እንዳላመለከትኩ። ልግባ ወይስ ልቅር እንደማላውቅም። ምሕንድስናን ጭምር፤ በሕይወቴ በአፌ ጮክ ብዬ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። በመጨረሻ ዱአው ይመለሳል ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

ሳቁ! ጢማቸው እስኪርገበገብ። ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ ዱአ ያደረግነው ላንቺ ነው፤ ለኮሌጁ ማን ዱአ አደረገለት? አሉኝ። ቀለል አለኝና ልነሳ ስል ተቀመጪ አሉ። ቅጹን አንብቢልኝ፣ እኔ የፈረምኩበትን ብቻ። አነበብኩ፦ አመልካቿ ሌላ ት/ቤት እንዳትመርጥ የገባችውን ቃል ብታፈርስ እኔ ተጠያቂ ነኝ።

ሳቁ ቆመ። ሌላ ት/ቤት ልብሽ አይፈልግም? አሉ። ቅጹን መልሼ አጠፍኩት። እሺ፣ ከፈረምሽ በኋላ መፈለጉን ይተዋል? 

ለስንት ሰው ዋስ ሆነዋል፤ ለታሰረ፣ ለተበደረ፣ ሚስት ለሚያገባ። ውሸት መሆኑን ለሚያውቁት ነገር ግን ሆነው አያውቁም። ልብሽ ከዚህ ወረቀት ጋር ከሆነ ፈርሚ፣ እስከ አንገቴ ዋስሽ ነኝ። ካልሆነ ግን እኔን ዋሾ አታድርጊኝ። ለአባትሽም አንቺው ንገሪ፤ እኔ አልነግርልሽም አሉ።

ይኸው። ሽማግሌዎቹን ላመካኝ ነበር፣ ዱአውን ላመካኝ ነበር፣ የአባባን ፊት ላመካኝ ነበር። ማመካኛዬን ሁሉ ነጥቀው፣ ሥጋ አብልተው ላኩኝ።

ሰኞ፣ ጥር 22

ዛሬም አልተናገርኩም። ፈሪ ነኝ። ጻፊው፣ ማለቴ ልጻፈው፦ ፈሪ።

ሐሙስ፣ ጥር 25፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ተናገርኩ።

አባባ ሱቅ ብቻቸውን ነበሩ፤ የጨው ጆንያ ይሰፋሉ። ፊቴን እንዳያዩ ሚዛኑን እየወለወልኩ ነው ያወራሁት። ነጩን ልሞላ ነው አልኩ። ድልድይ መሥራት ነው የምፈልገው አልኩ። ስለ ጎበሳው ወንዝ፣ ስለ እማዬ እልልታ። ሐጂ ያሉትንም። ወስፌው ቆመ። አንዲት ሴት ስኳር ልትገዛ ገባች፣ መዘኑላት፣ ወጣች። ያቺ ሩብ ኪሎ ስኳር የምታህል ረጅም ነገር አይቼ አላውቅም።

የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ፈርቼ ነው አሉ። አባባ! ፈርቼ ነው! እሳቸው አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጡት። ልጄ በር ላይ ደርሳ እንዳትመለስ ብዬ የተከፈተውን በር ያዝኩ አሉ። ከዚያ እንግሊዝኛ ስንት አመጣሽ? አምሳ አንድ። ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ቀጥለው ሳቅ አመለጣቸው፣ እኔንም ያዘኝ።

ብትወድቂስ? ዴራ እሄዳለሁ አልኩ። ይህን ለማለት አምስት ሳምንት ተለማምጃለሁ። አባባ በጣም ገረማቸው። ዴራ ሄደሽ ቀን ትሸጫለሽ፣ በተረፈሽ ሰዓት ታጠኛለሽ፣ በዓመቱ ደግመሽ ትፈተኛለሽ አሉ። የግል ተፈታኝ የሚባል የለም እንዴ? ሱቅ እስር ቤት ነው ያለሽ ማነው?

ማንም አላለኝም። እኔው ነኝ ለራሴ ያልኩት። ሚዛኑ ላይ አለቀስኩ፣ እንደገና መወልወል ነበረብኝ።

ለሽማግሌዎቹ ምን ልንላቸው ነው ስል፣ የእኔ ፊት ነው ይችለዋል አሉ። ነጩን አምጪ አሉ። የወላጅ ፊርማ በሚለው ላይ ቀስ ብለው፣ ምላሳቸውን በጥርሳቸው መሐል ይዘው፣ በዓረብኛ ፊደል ፈረሙ። ነጩ ዋስ አይጠይቅም። ሁለቴ አገላብጠው ፈለጉ፣ ያለ ዋስ የሚሆን ነገር ግርም ብሏቸው።

ዓርብ፣ ጥር 26፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ዕረፍት ላይ

አቶ ታፈሰ ቢሮ። ቢጫውን ባዶውን መለስኩ፣ የሐጂን ስም በእርሳስ ሰርዤ ሳይሆን ራሳቸው ሐጂ ትላንት ማታ ሰርዘውት። አቶ ታፈሰ ነጩን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። የእንግሊዝኛ ውጤቴን አስታወሱኝ፣ የረሳሁት ይመስል። በኋላ መመለስ የለም አሉ። አውቃለሁ አልኩ። አባትሽስ? ፊርማቸውን አሳየሁ። ብዕራቸውን አቀበሉኝ።

ፈረምኩ።  

ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ጽጌ መጣች። መኝታ ክፍላችን ቀረ አለችና አኮረፈች፤ አፍታም አልቆየች፣ ግማሽ ዳቦዋን ሰጠችኝ። ፈራሽ? አዎ። ትጸጸቻለሽ? ነሐሴ ላይ ጠይቂኝ። ነፋሱ ከጭላሎ ተራራ ይነፍሳል፣ ጣቴ ደንዝዟል፣ ደግሞ እስቃለሁ።

ከአረፋ በፊት ስምንት ሽማግሌ፣ አንድ አጎትና ከተማው በሙሉ ስለ እኔ ወስነው ጨርሰው ነበር። ዛሬ የጻፍኩትን ስም ግን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ብወድቅም የወደቅኩት እኔ እሆናለሁ።

ደወል ተደወለ። እንግሊዝኛ ነው።