አምባሰል ላይ የቆመ ደመና

ውድ ኑርዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። «ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ናፍቆቱ ሲወጣ ከእኔ የሚተርፍ ደህና ነገር ያለ አልመሰለኝም። በኢሞ ስንነጋገር ፊትህ ይቆራረጣል፤ ቁም ነገሩ ላይ ስደርስ ደግሞ «ኔትወርክ ነው» ትላለህ። ሀፊዛ ለእረፍት መጥታ ወደ ጅዳ ልትመለስ ስለሆነ ይህን በእጇ ልኬልሃለሁ። ወረቀት አይቋረጥም።

ውጫሌ ዘንድሮም በልግ የለም። ደመናው ግን አለ። ማለዳ ማለዳ አምባሰል ላይ ወጥቶ ነጭ እንደሆነ ይውላል፤ ማታ እንደ አመጣጡ ይሄዳል። ሰማዩ አመድማ ሆኗል። የእናትህ መሬት ታርሶ ዘር ሳይገባው ተኝቷል።

ባለፈው ስምንተኛ ክፍል ሳስተምር ሂንድ የምትባል ተማሪዬ «ቲቸር፣ ደመና ካለ ለምን አይዘንብም?» ብላ ጠየቀችኝ። እንፋሎት ብቻውን ጠብታ አይሆንም አልኳት፤ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል፤ አቧራ፣ ጭስ፣ የባሕር ጨው፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ። ያለ ብናኝ ደመና የለም። ብናኙ ሲበዛ ግን ያው ውሃ ለሁሉም ይከፋፈላል፤ ጠብታዎቹ ከመጠን በላይ ይደቁና መውደቅ ያቅታቸዋል። እንዲህ ያለው ደመና ይነጣል፤ የፀሐይዋን ብርሃን ወደ ላይ እየመለሰ ምድሩን ያቀዘቅዛል እንጂ ቶሎ አያዘንብም። ነፋሱም ባሕሩም ድርሻ አላቸው፣ ሁሉን በብናኝ አታሳብቡ አልኳቸው። ሂንድ ግን አለቀቀችኝም። «አቧራው ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከአፋር። አንዳንዴም ከዚያ ማዶ፣ ከዓረብ በረሃ ተነስቶ ቀይ ባሕርን ይሻገራል።»

ቤት ስገባ መስኮቱ ላይ ያረፈውን አቧራ ልጠርግ ጨርቅ አነሳሁና ተውኩት። ካንተ ሰፈር የመጣ ቢሆንስ ብዬ ነው። አስተማሪ ነኝ፤ ሞኝነቴ ግን አልተማረም።

አሁን የጻፍኩልህበትን ጉዳይ ልንገርህ። ከጁምዓ በኋላ ለዝናብ ዱዓ ሜዳ ወጣን። ኢማሙ ሰግደው ሲጨርሱ ኩታቸውን ገለበጡ፤ አላህ ያለንበትን ሁኔታ እንዲገለብጥልን። እኛም ሴቶቹ ከኋላ ነጠላችንን ገለበጥን። ሌሎቹ ሲበተኑ አስተካከሉ፤ እኔ በሐሳብ ስሄድ ጥለቱ ወደ ላይ እንደሆነ ሰፈር ደረስኩ።

ባንቺአየሁን አታውቃትም፤ አንተ ከሄድክ በኋላ ከጎኔ የተከራየች ክርስቲያን ጎረቤቴ ናት። ከገበያ ስትመለስ ነጠላዬን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቄ ለብሼ ስታየኝ ዘንቢሏን መሬት ጣለች። «እኔን ይድፋኝ ዙለይሃ! ኑርዬ ነው አይደል?»

«አይደለም» ማለት ይቻለኝ ነበር። አንዲት ቃል ናት። እንባዬ ግን ቀደመኝ። ጩኸቷን የሰማ ሁሉ መጣ። ደረታቸውን መቱ፣ አቀፉኝ፣ «አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ያጽናሽ» አሉኝ። እኔም አለቀስኩ። ኑርዬ፣ ባሏ ዓረብ አገር ያለ ሴት ይቀኑባታል እንጂ አልቅሺ የሚላት የለም። ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ተፈቀደልኝ። ከሁሉ የባሰውን ደግሞ ላንተ ብቻ እናገራለሁ፤ ለአፍታ ቀለለኝ። መጠበቅ ያለቀ መሰለኝ።

ወዲያው ደነገጥኩና «በሕይወት አለ፤ ትናንት ደውሏል» አልኩ። ሰዉ አስተግፊሩላህ እያለ ተበተነ። አንዳንዱ ስቋል፤ ተቆጥቶ የሄደም አለ። ባንቺአየሁ ግን አልሄደችም። የተበተነ ሽንኩርቷን ለቅማ ስትጨርስ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ታዲያ ያን ሁሉ ያለቀስሽው ለማን ነው?»

ከዚያ ቀን ወዲህ የማስበው ይህን ጥያቄዋን ነው። አንተ ክፉ ሰው አይደለህም። ወንድሞችህን ታስተምራለህ፣ የእናትህን ቤት በቆርቆሮ አልብሰሃል፣ የአጎትህን ልጅ ወስደሃል፤ ለእኔም አልጎደለብኝም። ለሁላችንም ትደርሳለህ፤ አንዳችንም ጋ ግን አትመጣም። «በልጉ ሲይዝ እመጣለሁ» ትለኛለህ። በልጉን እኔ አላዘንበውም፤ አንተም አታዘንበውም። ትዳራችንን ሰማይ ላይ ከሰቀልነው አራት ዓመት ሆነው።

ስለዚህ ዝናብ ኖረም አልኖረም ለክረምቱ ና። እጅህ ባዶ ቢሆን ግድ የለኝም፤ ደመወዜ ለሁለት ያኖረናል። ካልመጣህ ግን በሰው ፊት ፍታኝ። አልቆጣህም፤ በሕይወት ላለ ባል ማልቀስ ሰልችቶኝ ነው።

መልስህን በስልክ አትንገረኝ። ወይ ራስህ በር አንኳኳ፤ ወይ ለፍቺው ሽማግሌ ላክ። ማንኛችሁም ብትመጡ እከፍታለሁ።

እስካሁን ሚስትህ፣
ዙለይሃ
ውጫሌ