ያልታጠበው ጋቢህ

የብርቄ አባት፣ የኔ ጌታ፤

ቀፎ ልትሰቅል ወጥተህ ከዛፉ ከወደቅህ ዓመት ሞላህ። የያዮ ጫካ ዘንድሮም አብቧል። የሞተ ተጎዳ ይላሉ፤ እኔ እንጃ።

ቀፎዎችህን ወንድምህ ወስዷቸዋል። ከልጅህ ይልቅ ለንቦችህ ታዳላለህ እያልኩ አበሽቅህ ነበር፤ ዛሬ የማበሽቀው ሰው የለኝም።

ብርቄ አራት ዓመቷን ይዛለች። አበባ በፈነዳ ቁጥር ዓይኗ አብጦ፣ ደረቷ እያፏጨ ስታስጨንቀን ትዝ ይልሃል? ጎረቤታችን እትዬ ጫልቱ ቡዳ ነው ብለው ያጤሱባት ነበር። አንተ ደግሞ ንብ እንዲገባልህ ቀፎ የምታሽበትን አበባ ቋጥረህ በመጣህበት ጋቢ ጠቅልለህ እቅፍ ታደርጋታለህ። ባፏጨች ቁጥር አጥብቀህ ታቅፋታለህ።

ያንን ጋቢ ሳላጥበው ጣሊያን ትቶት በሄደው የቆርቆሮ ሳጥን ቆለፍኩበት። ጠረንህ ነበረበት። ሲከፋኝ ሳጥኑን ከፍቼ ፊቴን እቀብርበታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደረቷ ሲነሣባት፣ እንዳንተ ላባብላት ብዬ ጠቀለልኳት። ጠረንህን ስታገኝ ዝም አለች። ጥቂት ቆይቶ ግን ከንፈሯ ጠቆረ። የቡና መኪና ለምኜ መቱ ክሊኒክ አደረስኳት፤ መንገዱን ሁሉ የሞተች መስሎኝ ጆሮዬን አፏ ላይ ለጥፌ ነበር።

የክሊኒኩ ድሬሰር መርፌ ወጋት። ጋቢውን ገልጦ ሲያራግፈው ቢጫ ብናኝ ቦነነ፤ እሱንም አስነጠሰው። ቡዳ ሳይሆን አበባው ነው የማይስማማት አለኝ። አበባው እስኪረግፍ ጠዋት መስኮት እንዳልከፍት፣ ከደጅ ስትገባ ፊቷን እንዳጥባት፣ ጭስና ያልታጠበ ልብስ እንዳላስጠጋት መከረኝ። ለእትዬ ጫልቱ ስነግራቸው አኮረፉኝ፤ ማጤሱን ግን ተዉ።

ጋቢህን ወንዝ ወርጄ በእንዶድ አጠብኩት። መጀመሪያ ውኃው ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ጠራ። እኔ ግን እሽት እሽት ማድረጌን አላቆምኩም። ሁለተኛ የቀበርኩህ ያን ዕለት ነው።

ማታ አለበስኳት። አሸተተችውና አባባ የለበትም ብላ አለቀሰች፤ እያለቀሰች እንቅልፍ ወሰዳት። ደረቷ አላፏጨም።

ልጅ ናት፣ መልክህን መርሳቷ አይቀርም። ትርሳህ፣ ብቻ ትተንፍስ። የእሷንም ድርሻ እኔ አስታውስሃለሁ።