አግድሙ ጉድጓድ ሲረዝም

ኅዳር 8፣ ሰኞ ጠዋት

ጊዮርጊስ ጋ ታክሲ የለም። በእግሬ። ደግነቱ ቸርችል ጎዳና ቁልቁል ነው። ማኪያቶ ቆሜ ጠጥቼ መ/ቤት ገባሁ። አቶ ጌታቸው ቀድመውኛል። ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ዛሬ አለቃዬ። የዛሬ ሥራዬ ቀላል፦ ቆላ ለሚቆፈረው የነዳጅ ጉድጓድ ግራፍ ማውጣት። ጉድጓዱ ቁልቁል ይወርዳል፣ ነዳጅ ያዘለው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ይታጠፍና አግድም ይተኛል። አግድሙ በረዘመ ቁጥር ብዙ ነዳጅ። አቶ ጌ. ክፍል ውስጥ ስንቴ ብለውናል! ጉድጓዱን ለሚያስቆፍሩት ባለጉዳዮች ይህንኑ በግራፍ ማሳየት ብቻ። እስከ ምሳ እጨርሳለሁ።

ያው ሰኞ፣ ከሰዓት

አልጨረስኩም። ማስታወሻዬ፣ የሆነ ነገር ተበላሽቷል። ኮምፒውተሩ ላይ ጉድጓዱን አስረዘምኩ፣ በቀን የሚቀዳውንም አብሬ ጨመርኩ። በጠቅላላው የሚወጣው ነዳጅ ጨመረ። ደግሜ አስረዘምኩ። ትንሽ ጨመረ። አሁንም አስረዘምኩ። ቀነሰ። ቀነሰ! ቁጥር ተሳስቼ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

አልተሳሳትኩም። ከሥሩ ጀምሬ ሠራሁት፤ ያው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቧንቧው ሲረዝም ከጫፉ የሚመጣው ነዳጅ በመንገድ እየተፋተገ ግፊቱን ያጣል። ጫፉ ሥራ ፈቷል ማለት ይቻላል። መታጠፊያው አጠገብ ያለው ግን አጥብቆ ይስባል፣ ከሥር የተኛውን ውሃ ሳይቀር። ውሃው አንዴ መንገድ ካገኘ ነዳጁን እየቀደመ ይወጣል። የቀረው ነዳጅ እዚያው ድንጋዩ ውስጥ። ማን ያወጣዋል? ለአቶ ጌ. በምን አፌ እነግራቸዋለሁ?

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ግን ቀስ ብለው፣ "ሂሩት፣ ቁፋሮው እኮ ተጀምሯል።" ጥናቱ ሳያልቅ? ባለጉዳዮቹ በስልክ ሲጠይቋቸው አርዝሙት ያሉት ራሳቸው አቶ ጌ. ናቸው። ወዲያው ቁፋሮው ቦታ ደወሉ። መሰርሰሪያው እኔ ይብቃው ካልኩበት ቦታ አልፏል። ፒያሳ ወጥተን ኬክ ቤት ተቀመጥን። ሁለታችንም አልቀመስንም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ

ባለጉዳዮቹ መጡ። ሥራ አስኪያጃቸው አቶ ናሆም፣ ወጣት፣ ችኩል። አቶ ጌ. ብድግ አሉ። "ተሳስቻለሁ" አሉ። በሰው ፊት! ክው አልኩ። እኚህ ሰው ጥፋት ሲያምኑ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ መፍትሔውን ተናገሩ፦ ቁፋሮው አሁኑኑ ይቁም። መታጠፊያው አጠገብ ያለው የነዳጅ መግቢያ ቀዳዳ ይጥበብ፣ ጫፉም ድርሻውን እንዲሰጥ። ነዳጁ ቀስ ተብሎ ይቀዳ፣ ውሃው እንዳይነሣ። አቶ ናሆም ቀላ። "ቀስ? እኛ የምንፈልገው ከመጀመሪያው ቀን በሙሉ ኃይል ነው!" ጥሎን ወጣ፣ ሰዎቹን አስከትሎ።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

አቶ ናሆም ደወለ። ለእኔ። ቁፋሮውን አስቁመውታል። የራሳቸው ሰዎችም አስልተው ያው ነው የመጣላቸው። ከድንጋጤ የተነሣ ሳቅኩ። ቀጥሎ ያለው ባሰ፦ ሥራውን አንቺ ያዢው አለኝ። ብቻሽን። ሽማግሌው ይቅሩ። "ያለ እሳቸው አልመጣም" አልኩት። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ። እሺም እምቢም ሳይል ዘጋው።

ለአቶ ጌ. ነገርኳቸው።

"ሞኝ ነሽ" አሉኝ።

ከዚያ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። "እስቲ ውሃው የቱ ጋ እንደሚገባ አሳዪኝ።"