ለአባባ የተቦካው ድፎ

ፈትያ፣

እብናት ሄጃለሁ። መኪናው ሞልቶ እንዳያመልጠኝ ብዬ ሱቅሽ ድረስ አልመጣሁም።

የእንቁጣጣሹ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ኮባው ታጥቦ ወንበሩ ላይ ነው። የላይኛውን እሳት አታብዢበት፣ አምና አሳርረነዋል።

የአክስቴ ልጅ ሲሳይ ጠዋት ደውሎ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አለኝ። የነገራችሁኝ መስሎት ነው። አባባ ከተቀበሩ ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው።

አንቺም ጎረቤቶቹም በዓሉ ይለፍላት ብላችሁ መርዶውን እንደያዛችሁት ገብቶኛል። እኔም ብሆን ላንቺ እንዲሁ ነበር የማደርገው።

ግን ትናንት አብረን ስናቦካ «ጥቁር አዝሙዱን ጨመር አድርጊበት፣ አባባ ይወዱታል» አልኩሽ።

ጨመርሽበት። ቀና ብለሽ እንኳ አላየሽኝም።

እስካሁን አላለቀስኩም። እዚያ ስደርስ ይመጣ ይሆናል።

ጥቁሩን ሻርፕሽን ሳልጠይቅሽ ወስጃለሁ። ይቅርታ።

ድፎው ሲበርድ ለጎረቤት አዳርሺ። እብናት እንዳትልኪው።

በየዓመቱ ከእብናት መጥተው ባርከው የሚቆርሱልን አባባ ነበሩ። ዘንድሮ አንቺ ቢስሚላህ ብለሽ ቁረሺው።

ማስተዋል