ሞተርሽን ለዘይነባ እስክሰጥ

የሺዬ፣

ከተለየሽኝ አሥራ አንድ ወር ሆነ። ስንዴው ሲታጨድ ሄድሽ፤ አሁን የዘንድሮው ስንዴ ቢጫ መሆን ጀምሯል። ልጽፍልሽ ብዙ ጊዜ ተቀምጬ ነበር። ግን የምነግርሽ ነገር ገና አላለቀም ነበር፣ ያላለቀ ሥራ ደግሞ ማስረከብ እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ወረቀቱን እያጠፍኩ መሳቢያ ውስጥ እመልሰው ነበር። ባለፈው ሳምንት አለቀ።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር ልንገርሽ። ከጀርባችን ያለው ጎረቤት ፎቅ እየሠራ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ደርሷል። ከዚህ በኋላ ጭላሎ ከበረንዳችን አይታይም። አንቺ በየጠዋቱ ተራራው ደመና ለብሶ እንደሆነ አይተሽ ካፖርትሽን ትደርቢ ወይም ትተዪ ነበር። እኔ አሁን ተራራውን ለማየት እስከ መንገዱ መውጣት አለብኝ፤ አብዛኛውን ቀን ሳልወጣ እውላለሁ። ልጃችን ሕይወት በየእሑዱ ከአዳማ ትደውላለች። «አባዬ፣ እዚያ ብርድ ውስጥ ብቻህን ምን ትሠራለህ?» ትለኛለች። ሞተር እሠራለሁ እላታለሁ። ዝም ትላለች። ልጅሽ ዝም ስትል አንቺን ነው የምትመስለው።

ደክሞኛል የሺዬ። ድካሙ የሥራ አይደለም። የሥራ ድካም ተኝተው ሲነሡ ይለቃል፤ ይሄኛው አብሮኝ ተኝቶ አብሮኝ ይነሣል።

አሁን ወደ ሞተርሽ ልምጣ።

መሥሪያ ቤትሽ አርጅታለች ብሎ በጨረታ ሲሸጣት፣ «ሌላ ሰው ሲነዳት ቆሜ አላይም» ብለሽ ያስገዛሽኝ ቀን ትዝ ይለኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የክትባት ሳጥን ከኋላ አስረሽ በጢቾ በኩል ያለውን ገጠር ሁሉ የዞርሽባት ሞተር ናት። እኔ መንዳት አልቻልኩም፤ አንድ ጊዜ ሞክሬ አጥር ውስጥ ከገባሁ በኋላ ተውኩት። ስለዚህ ሥራ ተከፋፈልን፤ አንቺ ነጂ፣ እኔ ጠጋኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳው ላይ የማዳበሪያ ከረጢት አነጥፋለሁ፣ የፈታሁትን ዕቃ በወለቀበት ቅደም ተከተል ከግራ ወደ ቀኝ እደረድራለሁ፣ በደብተሬ ላይ ቀኑንና የተሠራውን ሥራ እጽፋለሁ። አንቺ በሩን ተደግፈሽ፣ «መምህሬ፣ ዛሬ ደግሞ ፈተና ልታስቀምጣት ነው?» ትዪኝ ነበር። እኔም ቀና ሳልል፣ ያለፈው ሳምንት ውጤቷ ጥሩ አይደለም እልሽ ነበር።

ከአልጋ መነሣት ካቃተሽ በኋላ አንድ ከሰዓት እጄን ይዘሽ፣ «ሞተሯን ለዘይነባ ስጣት። በእግሯ እኮ ነው የምትዞረው» አልሽኝ። በገጠሩ አብራሽ ክትባት ስትሰጥ የኖረችው ዘይነባ በአልጋሽ ግርጌ ተቀምጣ ነበር፤ ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔ እሺ አልኩሽ። ለሠላሳ ስምንት ዓመት አንቺን እሺ ብዬሽ ያልፈጸምኩት ነገር ያለ አይመስለኝም። ይሄን ግን አሥራ አንድ ወር አዘገየሁት። ደብዳቤው ስለዚህ ነው።

ዘይነባን በለቅሶው ጊዜ ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ስታስተናግድ ከርማ ስትሰናበተኝ፣ «ትንሽ ላስተካክላትና ትወስጃታለሽ» አልኳት። ያን ጊዜ እውነቴን ነበር። ያንቺ ነገር ከእጄ ሲወጣ አንድም ጉድለት እንዲኖርበት አልፈለግሁም። መመሪያ መጽሐፉን ከፍቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። ፍሬኑ፣ ካቴናው፣ ፍሪሲዮኑ፣ አንድ በአንድ። ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡራቶር ላይ ስደርስ አጉሊ መነጽር አመጣሁ። ቤንዚን የምታሳልፈውን፣ መሐሏ ቀጭን ቀዳዳ ያላትን ያቺን ትንሽ የነሐስ ብሎን ስንትና ስንት ዓመት አጥቤ መልሻታለሁ፤ ላይዋ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ግን አንብቤው አላውቅም ነበር፤ በባዶ ዓይን አይነበብም። ባነበው ከመጽሐፉ ጋር አይገጥምም። ያንቺ ቀዳዳ መጽሐፉ ካዘዘው ያነሰ ነው።

የማን ስንፍና ነው አልኩ። በመሥሪያ ቤት ዘመኗ አንድ ግድ የለሽ መካኒክ ያገኘውን ወትፎባት ይሆናል ብዬ ተናደድኩ። ሕይወትን ልጠይቅ አዳማ በወረድኩ ጊዜ መጽሐፉ ያዘዘውን ቁጥር ፈልጌ ገዛሁ። አዲሷን ገጠምኩ። አሮጌዋን፣ ዕቃ መጣል ስለማልወድ፣ ከመድኃኒቶችሽ በአንዱ ባዶ ብልቃጥ ከተትኳትና ወረቀት ለጠፍኩባት። በቀይ እስክሪብቶ «ስህተት» ብዬ ጻፍኩበት፤ ከጎኑም ኤክስ አደረግሁበት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሞተርሽ ታመመች። ስትነሣ ታስላለች። ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ነዳጅ ስሰጣት ትንታ እንደያዘው ሰው ትርበተበትና ትጠፋለች። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላዋን ስፈታ እንደ ከሰል ጠቁሯል። አጸዳሁት፤ እንደገና ጠቆረ። አዲስ ቀየርኩ፤ ጠቆረ። የአየር ማጣሪያውን ቀየርኩ፣ ሽቦዎቹን ቀየርኩ፣ የሞተሩን ክዳን ከፍቼ ክፍተቶቹን ለካሁ። ሁሉም እንደ መጽሐፉ ነው። ሁሉም ልክ ሆኖ ድምሩ የማይመጣ ሒሳብ አጋጥሞኝ አያውቅም ነበር። ጎረቤቶች መካኒክ ጥራ አሉኝ። በዚህ ቤት ሞተር መካኒክ ጋ ሄዶ አያውቅም አልኳቸው። እንዲያ ነበር የማምነው።

አሁን ደግሞ የማያኮራኝን ልንገርሽ። ሚያዝያ ውስጥ አንድ ቅዳሜ ብዙ ለፍቼባት፣ ማስነሻዋን ረግጬ፣ አስላ አስላ ስትጠፋብኝ፣ እፎይ ስል ራሴን ያዝኩት። ደስ ብሎኝ ነበር የሺዬ። ካልተሠራች አትሄድም። ካልሄደች ቅዳሜም አለኝ፣ ከረጢቱም አለኝ፣ በሩን ተደግፋ የምታይ ሰውም ያለች ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ በሥራው ላይ የበለጠ ጠንቃቃ ሆንኩ። አንድ ብሎን ፈትቶ ለማጠብ አንድ ቅዳሜ ይበቃኝ ጀመር።

ዘይነባ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም። ለስብሰባ ወይም ሪፖርት ለማድረስ አሰላ በመጣች ቁጥር ብቅ ትላለች፤ ድንች ወይም ማር ታመጣልኛለች፤ በሞተሯ በኩል ስታልፍ ዓይኗን ወደ ሌላ ታደርጋለች።

ባለፈው ሳምንት ስትመጣ ታነክስ ነበር። ምን ሆነሽ አልኳት። ሳቀች። «ምንም አይደለም ጋሼ፣ ክረምት ወንዝ ስሻገር አድጦኝ ነው፤ ሳጥኑን እንዳልጥል ስል እግሬን ጣልኩት» አለች። ከጤና ኬላዋ እስከ መጨረሻው መንደር በጭቃ ሁለት ሰዓት ተኩል እንደምትሄድ ያን ቀን ነው የሰማሁት። ከዚያ በፊት ጠይቄያት ስላላውቅ ነው። ወንበር ሰጠኋት። ከዚያም፣ ምን እንዳናገረኝ እንጃ፣ ሞተሯ አልሠራ ብላ እንዳስቸገረችኝ፣ ያደረግሁትን ሁሉ ደብተሬን ይዤ ከመጀመሪያው ነገርኳት። እስክጨርስ አዳመጠችኝ። ተነሥታ ሞተሯን ወደ ብርሃኑ ገፋቻት፣ አስነሣቻት፣ አጠፋቻት፣ ካንዴላውን ፈታችና አየችው።

«ጋሼ፣ ይቺ ሞተር አልታመመችም» አለችኝ። «ጠግባ ነው! ቤንዚን እንዲህ እያጠጧት አየሩን ከየት ታምጣው? እዚህ አርሲ ነው እኮ፣ አየራችን ስስ ነው። የድሮዋ ብሎንስ የት ሄደች?»

ብልቃጡን አመጣሁላት። የለጠፍኩትን አነበበች። መሳቅ ጀመረችና በእጇ አፏን ያዘች። «ሲስተር እንዳትነግሪው ብላኝ ነበር፤ አሁን ግን ልንገርዎት» አለች።

እኔ ለክረምት ሥልጠና አዲስ አበባ የሄድኩበትን ዓመት ነገረችኝ። ከመሄዴ በፊት ካርቡራቶሩን ፈትቼ አጽድቼልሽ ነበር። ሁለታችሁ ወደ ጢቾ ስትወጡ ሞተሯ ዳገቱ ላይ ታንቃ ቀረች፤ ሳጥኑን ተሸክማችሁ ሞተሯን እየገፋችሁ ገበያው ድረስ ደረሳችሁ። እዚያ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ብሎኗን አየና፣ ይሄ ቁጥር ለቆላ ነው፣ እስከ ዛሬ ያዘለቃት ቀዳዳውን ያጠበበው ቆሻሻ ነው፣ ደጋ የሚኖር ሰው ያነሰውን ነው የሚያስገባው ብሎ ቀየረላችሁ። እኔ ስመለስ ምን እንዳልሽኝ አስታውሳለሁ። «መምህሬ፣ ካጸዳሃት ወዲህ ዳገቱን እንደ ፈረስ ነው የምትወጣው» አልሽኝ። ዘይነባ እየሳቀች፣ «ሲስተርን ለምን አልነገርሽውም ስላት፣ ደብተሩ ላይ ሲጽፍ ፊቱን ብታዪው እንዲህ አትዪም ነበር አለችኝ» አለች።

ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጥኩ። የዚያ ነሐሴ ገጽ አለ። «በጽዳት ፍጹም ተስተካክላለች» ይላል፤ ፍጹም የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ። አንቺ ልክ የመለስሽውን ጥያቄ እኔ ለራሴ ማርክ ሰጥቼበት፣ ዓመታት ቆይቼ ደግሞ ያንቺን መልስ በቀይ ኤክስ አድርጌበታለሁ። በማስተማር ዘመኔ ሁሉ የተማሪ ወረቀት እንዲህ አርሜ አላውቅም። የራሴን ጽሑፍ ሰርዤ ስምሽን ጻፍኩበት።

አሮጌዋን ብሎን እኔው ገጠምኳት። ካንዴላውን አጽድተን መለስን። በመጀመሪያው ርግጫ ተነሣች። ጭስ የለ፣ ሳል የለ። የምታውቂው ድምፅ ነው። ጎረቤት የሚሠሩት ግንበኞች እንኳ ከላይ ሆነው አጨበጨቡ።

እኔ ግን በዚያ ድምፅ መሐል ምን አልኩ መሰለሽ? «ዘይነባ፣ የኋላ ፍሬኗ ገና ይቀረዋል። እሱን ልጨርስና…» አልኩ።

ዘይነባ ሞተሯን አጠፋች። «እሺ ጋሼ፣ ሲደርስ ይላኩብኝ» አለች። ቦርሳዋን ከወንበሩ አነሣች። ቅር እንዳላት የሚያሳይ ምልክት ፊቷ ላይ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። እያነከሰች ወደ በሩ ሄደች። ግቢያችን ሰፊ አይደለም፤ በሃያ እርምጃ ያልቃል። እሷ ግን ለብዙ ጊዜ የሄደች መሰለኝ፤ አንዱን እግሯን በጎን ነው የምታሳርፈው። ተመልሼ ከረጢቱ ላይ ልቀመጥ ጉልበቴን አጠፍኩ። መቀመጥ አቃተኝ።

«ዘይነባ!» ብዬ ተጣራሁ። «ቁልፉን ውሰጂ።»

ዞር አለች። «ፍሬኑስ?»

«ፍሬኑ ምንም የለበትም። ዋሽቼሽ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ወደ ብርሃኑ ስገፋት ይዤ ሞክሬዋለሁ።»

ከዚያ ሁለታችንም ሳቅን፤ እኔ እንኳ ሳቅ ነው ብዬ የጀመርኩት ወደ ሌላ ሄደብኝ። እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ የሞተሯን መስተዋት በሻሿ ጫፍ ስታብስ ቆየች፣ እኔ ፊቴን እስክጠርግ። የራስ ቁርሽን አመጣሁላት፤ ማሰሪያውን አገጯ ሥር እኔ አስተካከልኩላት። ዘይት መቼ እንደሚቀየር፣ ካቴናው ምን ያህል መላላት እንዳለበት ነገርኳት። ሁሉንም እንደማታውቅ ሆና ሰማችኝ። ይሄን ከማን እንደተማረች ገባኝ። «ገለቶማ ጋሼ» ብላ በኦሮምኛ አመስግናኝ አስነሥታ ወጣች። በሩ ላይ ቆሜ ድምፁ ከባጃጆቹ ድምፅ ጋር እስኪደባለቅ ሰማሁ። ከዚያ በሩን ዘጋሁ።

ቃልሽን ፈጽሜያለሁ፤ ማዘግየቴን ይቅር በዪኝ። ደስታ ተሰማኝ ብልሽ አታምኚኝም። በረንዳው ባዶ ሆነ፤ ያን ዕለት ከሰዓት ልብሴን ሳላወልቅ ተኝቼ እስከ ማግስቱ አልነቃሁም። ስነቃም ድካሙ እዚያው ነበር። ግን ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የማዘገየው ነገር አልነበረኝም።

ሙት ዓመትሽ ቀርቧል። ሰው ይመጣል፤ አብዛኛው የሚያወራው ስለ ሕመምሽ ይሆናል፣ እንዴት እንደከሳሽ፣ እንዴት እንደታገሥሽ። እነሱ ያዩሽ እዚያ ነው፤ አልፈርድባቸውም። እኔ ግን ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ በልቤ የምይዝሽ እንዲህ ነው፤ ከጢቾ መልስ ጭቃ የጠገበ ቦት ጫማሽን ደጃፍ ላይ አውልቀሽ፣ እኔ ደብተሬ ላይ አጎንብሼ ስጽፍ ከበላዬ ቆመሽ፣ አንቺ የሠራሽውን እኔ ሠራሁት ብዬ ስጽፍ እያየሽ፣ ምንም ሳትዪኝ።

ባልሽ
አሰላ፣ ጥቅምት