ብድግ ያልንላቸው አባባ

ወሬኛዬ፣ እንዴት ነሽልኝ?

ባለፈው በስልክ «ዩኒቨርሲቲ የኔ ቦታ አይደለም፣ ቅዳሜ እመለሳለሁ» ብዬ የተነፋረቅኩትን እርሺው። ሻንጣዬን ሁሉ ቆላልፌ ነበር። ሐሙስ ጠዋት የሆነውን ግን ስሚ።

ክፍል ቁጭ ብለን መምህር ስንጠብቅ አንድ ኮት የለበሱ፣ ቦርሳ ያንጠለጠሉ ሽበታም ሰውዬ ከች አሉ። እኔ እንደኛ ትምህርት ቤት ብድግ! «እንደምን አደሩ፣ መምህር!» ለካ እዚህ ለመምህር የሚነሳ የለም። ከኋላዬ ያሉት ግን እኔን አይተው ግር ብለው ተነሱ። ሰውዬው ደንግጠው፣ ማን መጣ ብለው ወደ ኋላቸው ዞሩ።

«ኧረ በፈጣሪ ተቀመጡ ልጆቼ፣ እኔም አዲስ ተማሪ ነኝ!»

ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው። ክፍሉ በሳቅ አውካካ፤ እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳቸው ግን መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና በሹክሹክታ፣ «ሰኞም ማክሰኞም እዚህ በር ድረስ መጥቼ፣ ፈርቼ ተመልሻለሁ። ዛሬም ልዞር ስል ተነሳችሁልኝ፤ ከዚያ ወዲያ በምን ዓይኔ ልውጣ?» አሉኝ።

ሳቄ አመለጠኝ። እዚህ ከመጣሁ ገና የዚያን ቀን ተነፈስኩ። አሁን ከሁለታችን ቀድሞ ክፍል የደረሰ ለሌላው ቦታ ይይዛል።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፣ ጠርዝ ጠርዙን ነው የምጽፈው። እናትሽን ሳሚልኝ። እማዬን ደግሞ አልጋዬን ታናሼ ትውረሰው በያት፤ ሻንጣዬን አራግፌዋለሁ።