መስቀያውን ግንድ ስላስቆረጡልን ከልብ የመነጨ ምስጋና

ለተከበሩ የመዝናኛ ስፍራዎችና የእግር ጉዞ መስመሮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ጽሑፍ ከእጅዎ ሲገባ እርስዎን፣ ባለቤትዎን፣ ልጆችዎን፣ እንዲሁም በየፎቶግራፉ ላይ ከጀርባዎ የማይጠፋውን ያንን ለስላሳ ወንበርዎን በፍጹም ጤንነት እንዲያገኛችሁ ምኞቴ ነው። እኛ ከቀዩ አለት ሥር ያለን ሰዎች ከአቧራው፣ ከሙቀቱና ከእርስዎ ማሻሻያ በስተቀር የሚያመን ነገር የለም፤ ደኅና ነን።

ማን ጻፈልኝ ብለው እንዳይቸገሩ፣ እኔ ከጉሮሮው አፍ ፊት ለፊት፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ሻይና ቀዝቃዛ ውሃ የምሸጠው ሴት ነኝ። ባለፈው ለጉብኝት ብቅ ባሉ ጊዜ «እማማ፣ እዚህ ጥላ ሥር መቆም ይቻላል?» ብለው የጠየቁት እኔን ነው። እማማ ለመባል እንኳ ገና ነበርኩ፤ ግን ከትልቅ ሰው አፍ የወጣ ቃል ስለሆነ በትሕትና ተቀብዬዋለሁ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ አጻጻፌ ወዲያ ወዲህ ቢል ይቅርታዎ አይለየኝ።

ጉሮሮው የምለው እናንተ በወረቀታችሁ ላይ «የቀይ አለት የእግር ጉዞ መስመር» የምትሉትን ነው። ሁለት ቀያይ ግድግዳዎች ሊሳሳሙ ተጠጋግተው፣ ሰው በመካከላቸው እንደ ክር በመርፌ ቀዳዳ የሚያልፍበት ቦታ ነው። እርግጥ ያምራል። ፀሐይ ከላይ ስትገባበት ግድግዳው እንደ ፍም ይቀላል፤ ጎብኚውም አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ አፉን ይከፍታል። የቀድሞ ሰዎች ጉሮሮ ብለው የሰየሙት ግን ስለሚያምር አልነበረም። ስለሚውጥ ነው።

ለማንኛውም ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ መስቀያውን ግንድ ስላስቆረጡልን አመሰግናለሁ። በጉሮሮው አፍ ላይ ቅጠል ካወጣ ዘመን የማይታወቅ አንድ ደረቅ ግንድ ነበር። ከአያቶቻችን ጀምሮ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ሰው ሁሉ ከላዩ አንድ ነገር አውልቆ እዚያ ላይ ይሰቅላል፤ ሻርፕም ቢሆን፣ ኮፍያም ቢሆን፣ ቀበቶም ቢሆን፣ ከጠፋም የጫማውን ክር። ሲወጣ የራሱን አውርዶ ይሄዳል። ሕጉ ይኸው ነው፤ አዋጅ አልወጣለትም፣ ስብሰባም አልተጠራበትም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዕቃዋን የምትሸክፍ እንደኔ ያለች ሴት ቀና ብላ ታያለች፤ ግንዱ ባዶ ከሆነ ጉሮሮውም ባዶ ነው። አንዲት መሐረብ እንኳ ከቀረች ውስጥ ሰው አለ ማለት ነውና ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ አፋፉ ላይ ወጥቶ ይጣራል፣ ገመድ ይወርዳል። አንድ ጊዜ አንድ ቦርጫም ነጋዴ ቀበቶውን ሰቅሎ ገብቶ፣ ሱሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ሲወጣ፣ ሚስቱ «በል እንግዲህ ለሰዎቹ እጅህን አንሳና ሰላም በል!» ብላው የተሰበሰበው ሁሉ በሳቅ ፈርሷል። ሲስቁ ግን ማንም «ለምን ሰቀልክ?» አላለውም።

የእርስዎ ሰዎች ይህንን ሁሉ ቆሻሻ አድርገው አዩት። አልፈርድባቸውም። ከመኪና ወርዶ ለሚያይ ሰው የተንጠለጠለ ጨርቅ የተንጠለጠለ ጨርቅ ነው። «ለውብ ገጽታ እንነሣ» የሚል ካናቴራ ለብሰው መጡ፤ ተነሡም። ሻርፑን፣ ኮፍያውን፣ ቀበቶውን በፕላስቲክ ከረጢት ጠቅጥቀው በመኪና ጫኑት፤ ግንዱንም ለፎቶ አይመችም ብለው በመጋዝ ከሥሩ አነሡት። ሥራቸው የሚያስመሰግን ነበር። የዕቃዎቹ ባለቤቶች ያን ሰዓት ውስጥ እንደነበሩ የጠየቀ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው ትንሽ የከነከነኝ።

ሁለተኛ፣ በግንዱ ፋንታ በዚያው ዕለት ስላስተከሉልን ቆጣሪ ማሽን አመሰግናለሁ። አረንጓዴ መብራቱ ያምራል። ትኬት ይዞ በዋናው በር የገባውን ይቆጥራል፣ የወጣውንም ይቀንሳል፤ እንዲያውም ሰው ሲያሳልፍ ጢጥ የምትል ደስ የምትል ድምፅ አለችው። በጎን በር የሚገባውን ሠራተኛ ግን አያውቀውም። ደረጃውን የሚጠርገው፣ የእጅ መደገፊያውን ሰንሰለት የሚያጠብቀው፣ የጎብኚውን ላስቲክ የሚለቅመው ሰው ለማሽኑ አልተወለደም። እኛም ሁሉ ነገር በዘመናዊ ዘዴ ሆነልን ብለን ደስ አለን፤ ሞኝ የተሰጠውን አይጠላም።

ሦስተኛ፣ ስለ ታናሽ ወንድሜ ጃኬት አመሰግናለሁ።

ታናሽ ወንድሜን ምናልባት አያውቁትም፤ ያው ማሽኑም አያውቀውም። የጉሮሮው መንገድ ጠራጊ ነው። አለቱ ላይ በተፈለፈለው ደረጃ ላይ ነፋስ የሚያመጣውን አሸዋና ጠጠር እየጠረገ፣ የእርስዎ እንግዶች እንዳይንሸራተቱ የሚያደርገው እሱ ነው። ካናቴራ የለበሱት በመጡበት ቀን ማለዳ ክርኑ ላይ የተቀደደውን ግራጫ ጃኬቱን ሰቅሎ ገብቷል። እኔ ለሱቄ ዕቃ ልገዛ ከተማ ወርጄ ስለነበር፣ ስመለስ ግንዱም ጃኬቱም አልነበሩም። የዋናው በር ዘበኛ «እትዬ፣ አጸዱልን እኮ!» አለኝ። እኔም ቦታው ገላው እንደታጠበ ሕፃን ጥርት ብሎ ሳየው ወንድሜ ወጥቶ የሄደ መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ ደራሽ ውሃው መጣ። እዚህ እኛ ጋ ሰማዩ እንደ ብርሌ የጠራ ነበር፤ የዘነበው ማዶ፣ ከተራራው ላይ ነው። ጉሮሮው ሁልጊዜም እንዲህ ነው፤ የሌላ አገር ዝናብ ይጠጣል። በመጀመሪያ ምድር የምታጉረመርም ይመስላል፣ ከዚያ ቀይ ጭቃው ድንጋይና ግንድ እየተፋ ከአፉ ይወጣል። ዘበኛውን «ውስጥ ሰው አለ ወይ?» ብዬ ብጠይቀው «ማሽኑ ባዶ ነው ይላል፣ ተረጋጊ እትዬ» አለኝ። ተረጋጋሁ። ሱቄን ዘግቼ፣ ተረጋግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ማምሻውን የወንድሜ ሚስት መጥታ በሬ ላይ ቆማ «እናንተ ጋ ነው ወይ?» ብላ ስትጠይቀኝ ነው ገመድ ያለው ጎረቤት ፍለጋ የሮጥኩት።

ሌሊቱን ልተርክልዎ አልፈልግም፤ የምግብ ፍላጎትዎን ይዘጋብዎታል። ሲነጋጋ ሰዎቻችን ከውሃው በላይ፣ የሰው ጀርባ በማታህል እርከን ላይ ተለጥፎ አገኙት። ጥፍሮቹ አልነበሩም። ገመዱ ወገቡ ላይ ታስሮ እንኳ አለቱን አልለቅም ብሎ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ነው ያላቀቁት። በማግስቱ የእርስዎ የነፍስ አድን መኪና ጡሩንባውን እየነፋ ደረሰ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ፣ እኔ ግን ስለ ድካማቸው ሻይ ጋብዣቸዋለሁ።

ወንድሜ አፉን ሲከፍት የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ጃኬቴን አይታችሁ ትመጣላችሁ ብዬ ነው የጠበቅኩት» አለኝ። ክቡር ኃላፊ፣ ምን ልበለው? ጃኬትህ ለውብ ገጽታ ተነሥቷል ልበለው?

ጃኬቱስ፣ ምስጋና ይግባዎትና፣ ከሳምንት በኋላ ታጥፎ በፕላስቲክ ተመለሰለት፤ ከእሱም ጋር «በጎብኚዎች መስህብ ስፍራ ልብስ በማንጠልጠል የአካባቢን ውበት ስለ ማጉደል» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተያይዟል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በየትም መሥሪያ ቤት አይገኝም። የሞተ ቢሆን ኖሮ ማስጠንቀቂያው ለሚስቱ ይደርስ እንደነበር አልጠራጠርም።

አራተኛ ነው ወይስ አምስተኛ፣ ወሬው ወሰደኝና ቁጥሩ ጠፋብኝ። ብቻ ስለ ደንቡም አመሰግናለሁ። ግንዱ ከተቆረጠ ወዲህ ሰዎች አጥሩ ላይ መስቀል ጀምረው ነበር፤ ወዲያው በአጥር፣ በበር፣ በድንጋይም ሆነ በማናቸውም ነገር ላይ ማንጠልጠል ክልክል መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ደረሰን። ዘበኛውም የተሰቀለውን ሁሉ እያወረደ ይወስዳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ዘበኛችን ሞኝ አይደለም፣ ወረቀት ግን ይዟል። ስለ ማስጠንቀቂያ ሰሌዳውም እንዲሁ፤ ፈገግ ያለች ፀሐይ ተስላበት «ከመግባትዎ በፊት ሰማዩን ይመልከቱ» ይላል። ሰማዩን አየነው፤ ሰማዩ ምንም አላደረገንም። ጎርፍ ሲመጣ የሚጮኸው መሣሪያ ደግሞ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት እንደሚገዛ ሰምተናል። ደስ ብሎን እንጠብቃለን፤ ውሃውም እንዲጠብቅ ደብዳቤ ቢጻፍለት ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ወንድሜ ድኗል፤ ዳነ ከተባለ። ጥፍሩ ሳይበቅል ወደ ሥራው ተመልሷል፤ ልጆቹ መብላት አላቆሙማ። በየማለዳው በጎን በር ይገባል፣ እኔም ሙሉ ቀን ሻይ እየቀዳሁ የዚያን በር እጀታ አያለሁ። ደንበኛ «ስኳር በዛብኝ» ሲለኝ ነው እጄ ምን እያደረገ እንደነበር የማውቀው። ሰሞኑን ደግሞ ነገሩ አላማረኝም። በግድግዳው ስንጥቅ የሚያድሩት ርግቦች ጉሮሮውን ለቀው ቆርቆሮዬ ላይ ማደር ጀምረዋል። ከሥር ያለው አሸዋ ዝናብ ሳይነካው ረጥቧል። የክረምቱ ደመና ማዶ ካለው ተራራ ላይ ተቀምጦ አልነሣም ብሏል። ሰው በጨለማ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው እንዳለ በትንፋሹ እንደሚያውቅ ሁሉ፣ እኛም አንድ ነገር እየመጣ እንደሆነ እናውቃለን።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስቀያ ይመልሱልን። ግንድ ካስጠላዎ ብረት ይሁን። ቀለሙን እርስዎ ይምረጡት፤ ከፈለጉም የራስዎን ፎቶግራፍ አናቱ ላይ ይለጥፉበት፣ እኛ ከሥር ኮፍያችንን እንሰቅላለን። ብቻ ሲመሽብኝ ቀና ብዬ ወንድሜ ከውስጥ ይሁን ከውጭ የማውቅበት አንድ ነገር ይኑረኝ። ዝናቡ ሳይቀድምዎ።

ለዚህ ሁሉ ውለታዎ ብድሩን ለመመለስ አቅም የሌለኝ፣ በጥላዬ ሥር በማንኛውም ጊዜ ለመቆም ፈቃድ የሰጠሁዎት፣ ከፎቶግራፍዎ ይልቅ ራስዎን ለማየት የምናፍቅ፣ ታዛዥና ቀና አሳቢ እህትዎ፣

ከጉሮሮው አፍ ፊት ለፊት ያለችው ሻይ ሻጭ

ግልባጭ፦
ለዘበኛው (ከደንቡ ጋር አያይዞ እንዲያስቀምጠው)
ለቆጣሪው ማሽን (እንዲያውቀው)
ለሕዝብ፣ በሱቄ በር ላይ

ማስታወሻ፦ ፈርሜ ላጥፈው ስል ይህን መጨመር ግድ ሆነብኝ። ዛሬ ጠዋት ከመሥሪያ ቤትዎ የተላከ የገጽታ ባለሙያ፣ የጸዳውን ጉሮሮ ለመጽሔታችሁ ፎቶ ሊያነሣ መጥቶ፣ መንገድ እንዲያሳየው ወንድሜን አስከትሎ በጎን በር ገብቷል። ባርኔጣውን አጥሩ ላይ እንዲሰቅል ብለምነው «እትዬ፣ ራሴ ያረቀቅኩትን ደንብ ራሴ ልጣሰው?» ብሎ ሳቀብኝ፤ ጨዋ ልጅ ነው። ማዶ ያለው ተራራ ከጠቆረ ቆይቷል። አሁን ደግሞ ከውሃው ቀድሞ የሚመጣው ያ ቀዝቃዛ ነፋስ ከጉሮሮው መውጣት ጀምሯል፤ ይህን ወረቀት በብርጭቆ ተጭኜ ነው የምጽፈው። ጎረቤቶቼ ገመድ ይዘው ወደ አፋፉ ሮጠዋል። እዚህ ስልክ ስለማይሠራ፣ ደብዳቤውን የሚወስደው የሚኒባስ ሹፌር ሞተሩን ሳያጠፋ እየጠበቀኝ ነው፤ በሩጫ ያደርስልዎታል፣ እርስዎም የነፍስ አድን መኪናዎን ዛሬ፣ አሁን እንዲልኩ እማጸንዎታለሁ። ዘበኛው ማሽኑን ደጋግሞ አይቶልኛል፤ ማንም የለም ይላል። ለእርስዎም እንደዚያው ብሎ ሪፖርት ያደርግልዎ ይሆናል፤ እባክዎ እንዳይረጋጉ። ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ የእኔ ነው፤ አንዱ የእርስዎ።